ኮምቦልቻ የሌለው ሐረጎ፦ ከዋክብት እንዴት ይወለዳሉ፣ እንዴትስ ይሞታሉ?

ደሴ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1882 አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ ታየ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ መልካም ምልክት ቆጠሩትና ቦታውን «ደሴ» አሉት፤ ደስታዬ እንደ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ የደሴ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ታሪኩን ላበላሽባችሁ ነው እንጂ፣ ጅራታም ኮከብ ኮከብ አይደለም። በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት ጓል ነው። ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ በረዶው መትነን ይጀምራል፤ ጅራቱ እሱ ነው። ተወርዋሪ ኮከብም ኮከብ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ነገር አየራችን ውስጥ ገብቶ ሲነድ ነው። «ኮከባችን አልገጠመም» ብለው የተለያዩት ፍቅረኞች ኮከብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ውስጥ አልገባም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እውነተኞቹ ነው። ነገሩን ያስጀመረኝ ደግሞ የግቢ በር ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ብረታ ብረት ቤት በር አዝዤ ነበር። ሥራው የት ደረሰ ብዬ አንድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ከአንድ የተጫነ ተሳቢ ኋላ ቀረን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚያች መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ተሳቢው በከባድ ማርሽ እያጓራ፣ ጥምዝ በጥምዝ ይንፏቀቃል። የፍሬን ሸራ ሽታ እኛ ጋ ድረስ ገብቷል። ረዳቱ «ጥሩምባ ንፋለት እንጂ!» አለ። ሾፌራችን እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። «ተወው፣ ሰውዬው ከጭነቱ ጋር እየተናነቀ ነው» አለ።

ኮከብ ማለት ይኸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከገዛ ክብደቱ ጋር ሲተናነቅ የሚኖር ነገር ነው። ክብደቱ ወደ መሀል ይጎትተዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ወደ ውጭ እየገፋ ይይዘዋል። ሞተሩ እስካለ ድረስ ቁልቁለቱ አይወስደውም። ልደቱም፣ እርጅናውም፣ ሞቱም የዚህ ትንቅንቅ ታሪክ ነው።

ከደመና ይጀምራል

ክረምት ላይ ደሴ ጉም ሲወርድባት የጦሳ ተራራ ከነግርማው ይጠፋል። ኮከብም የሚጀምረው ከደመና ነው፤ ነገር ግን የዚያ ደመና ጠባይ ለየት ይላል። ውሃ አይደለም። አብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፣ ቀጥሎ ሂሊየም፣ ከዚያ ትንሽ አቧራ። ብርዱ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ነው። የደሴ ብርድ የት አለና! ደግሞም በጣም ስስ ነው። በትንፋሻችን የምንስበው አየር ከእሱ ጋር ሲነጻጸር እንደ ግንብ የጠጠረ ነው።

ታዲያ ከዚህ ከሳሳ ነገር እንዴት ኮከብ ይወጣል? በስፋቱ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንዲህ እየሮጠ እንኳ ከእነዚህ ደመናዎች አንዱን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ አሥርም መቶም ዓመት ይፈጅበታል። ስስ ነገር ይህን ያህል ሲሰፋ የሺህ ፀሐዮች ክብደት ይወጣዋል።

ቅዝቃዜውም የሚጠቅምበት ነገር አለ። ትኩስ ጋዝ ይበተናል፤ የቀዘቀዘ ጋዝ ግን ስበትን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። የደመናው አንድ ጥግ ትንሽ ሲጠነክር ስበት ያሸንፍና ጋዙ ወደ መሀል መውደቅ ይጀምራል። ሲጠብ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ይህን በመዳፉ ያውቀዋል፤ የታመቀ አየር ይግላል። ሲጠብ ደግሞ እየፈጠነ ይሽከረከራል፤ መሀል ያልገባው ጋዝና አቧራ ዙሪያውን እንደ ምጣድ ይዘረጋል። ፕላኔቶች የሚጋገሩት እዚያ ምጣድ ላይ ነው። ጦሳም ሆነ የቦርከና ወንዝ የመጡት ከዚያ ነው።

መሀሉ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። የሃይድሮጅን አስኳሎች እየተጋጩ ይዋሃዱና ሂሊየም ይሆናሉ። ሞተሩ ተነሳ። ለእኛዋ ፀሐይ እዚህ መድረስ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። ሳይነሳለት የሚቀርም አለ። የፀሐይን ክብደት 8 በመቶ ያህል ያላሟላ የጋዝ ክምችት ቁልፉ ቢዞር ቢዞር የማይነሳ መኪና ነው። ቡናማ ድንክ ይሉታል።

ሚዛን የምትሰርቀው ፀሐይ

ፀሐይ «ትነዳለች» ማለት ለምደናል። መንደድ ግን አይደለም። ከሰል ለመንደድ አየር ይፈልጋል፤ ፀሐይ አትፈልግም። የእሷ ሥራ አራት ሃይድሮጅን ወስዶ አንድ ሂሊየም ማውጣት ነው። ታዲያ የወጣው ሂሊየም ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ከገቡት አራቱ 0.7 በመቶ ያህል ይጎድላል። ሰኞ ገበያ ቢሆን ነጋዴውን «ሚዛን ሰረቅክ» ብለን እንጣላው ነበር። የጎደለው ግን አልጠፋም፤ ብርሃንና ሙቀት ሆኗል። ፀሐይ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ትቀይራለች፤ ከዚያ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ክብደት መሆኑ ይቀርና ጉልበት ይሆናል። በእያንዳንዱ ሰከንድ።

እንዲህ እየሆነች ለምን አትፈነዳም? ራሷን በራሷ ስለምትቆጣጠር ነው። መሀሉ ከመጠን በላይ ሲግል ያብጣል፤ ሲያብጥ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ዝግ ይላል። ሲበርድ ደግሞ ይጨመቅና እንደገና ይግላል። በዚህ ዓይነት 4.6 ቢሊዮን ዓመት ኖራለች። ገና 5 ቢሊዮን ገደማ ይቀራታል።

ከዋክብት በዋናነት ሃይድሮጅን መሆናቸውን ያሳየችው ሴሲሊያ ፔይን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1925፣ ገና 25 ዓመቷ ሳለ። በጊዜው አንድ ትልቅ ሊቅ «ሊሆን አይችልም» አላት። እሷም በጽሑፏ ውስጥ ውጤቱ እውነት ላይሆን ይችላል ብላ ለመጻፍ ተገደደች። ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሊቅ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው እሷ የደረሰችበት ደረሰ። ይህ ዛሬም ያናድደኛል።

ተሳቢና ባጃጅ

ኮምቦልቻ ስደርስ በሬ አላለቀም። (የሚያርሰውን ሳይሆን የግቢውን ማለቴ ነው።) ላሜራው ተቆርጦ ግድግዳ ተደግፏል። ባለሙያው ለጌጥ የሚሆን ዘንግ እሳት ውስጥ ከትቶ ይጠብቃል። ዘንጉ መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ ሆነ፤ ቆየት ብሎ ብርቱካን፤ ከዚያ ወደ ቢጫ ነጣ አለ። «ቀይ ሲሆን አትመነው፣ ወንድሜ» አለኝ። «ወላሂ ገና ነው። ቢጫ ሲል ነው የሚታዘዝልህ።» ከዚያ መዶሻውን አንስቶ እንደ ሊጥ አጠፈው።

የሰማይ ተመራማሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቀላ ያለች ኮከብ ገጿ ወደ 3,000 ዲግሪ ገደማ ነው። የእኛዋ ፀሐይ 5,500 ገደማ ናት። ሰማያዊ የምትመስለው ደግሞ ከ10,000 በላይ። እኛ ቧንቧ ላይ «ቀይ የሞቀ፣ ሰማያዊ የቀዘቀዘ» ማለት ስለለመድን ነው ግራ የሚገባን። ሰማይ ላይ የተገላቢጦሽ ነው።

ቀለሙንም ዕድሜውንም የሚወስነው በዋናነት አንድ ነገር ነው፦ ሲወለድ የነበረው ክብደት። ከባድ ኮከብ ብዙ ነዳጅ ስላለው ብዙ የሚኖር ይመስላል። አይኖርም። የተጫነ ተሳቢ ታንከሩ ትልቅ ነው፤ የሚጠጣው ግን ከታንከሩ በላይ ነው። ከፀሐይ 10 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ በሺዎች እጥፍ ይደምቅና ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነዳጁን ይጨርሳል። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ትኖራለች። ባጃጆቹ ቀይ ድንኮች ናቸው። ትንንሽ፣ ደብዛዛ፣ ቁጥብ። ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ ከእነሱ አንዷ ናት። 4.2 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ4.2 ዓመት የሚጓዘውን ያህል) ብቻ ርቃን በዓይን አትታይም። እነዚህ ትሪሊዮን ዓመታት ይኖራሉ። ዓለሙ ራሱ 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ስለሆነ በእርጅና የሞተ ቀይ ድንክ እስካሁን የለም።

የፀሐይ መጨረሻ

ፀሐይ መሀሏ ያለው ሃይድሮጅን ሲያልቅ ክብደቷ ያሸንፍና መሀሏ ይጨመቃል። ሲጨመቅ ይግላል፤ ሙቀቱ ዙሪያውን ያለውን ያልተነካ ሃይድሮጅን ያስነሳል። ውጪዋ ያብጣል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ ይቀላል። ቀይ ግዙፍ ትሆናለች። ሜርኩሪንና ቬነስን ትውጣለች። ምድርን ትድረስባት አትድረስባት ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ለእኛ ክርክሩ ብዙም ለውጥ የለውም፤ ፀሐይ ቀስ በቀስ እየደመቀች ስለምትሄድ የዛሬ 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ውቅያኖሶቹ ተንነው ያልቃሉ።

መሀሏ 100 ሚሊዮን ዲግሪ ሲደርስ ሂሊየሙ ራሱ ነዳጅ ይሆናል። ከእሱ የሚወጣው ካርቦንና ኦክስጅን ነው። ምድጃችን ላይ የሚነደው ከሰልና ከሰሉን የሚያነድደው አየር እንዲህ ያለ ማጀት ውስጥ ተሠርተው ነው የመጡት። ከዚያ በኋላ ፀሐይ አቅም የላትም። የውጭ ሽፋኗን ቀስ እያለች ወደ ሕዋ ትተፋዋለች። መሀል ላይ የሚቀረው የምድርን ያህል የምታክል ነጭ ድንክ ናት። አንድ የሻይ ማንኪያዋ 5 ቶን ገደማ ይመዝናል። አንድ አይሱዙ ሙሉ ጭነት በሻይ ማንኪያ!

ነጭ ድንክ ሞተር የላትም። ታዲያ ምን ይዟት አትፈርስም? ኤሌክትሮኖቿ ናቸው። ከተወሰነ መጠን በላይ ተጠጋጉ ሲባሉ እምቢ የሚሉበት የተፈጥሮ ሕግ አለ። ሐረጎን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሞተሩን ያጠፋ መኪና በሏት። ከዚህ በኋላ የምትሠራው መቀዝቀዝ ብቻ ነው።

ሁሉም ግን ሜዳ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1930 ቻንድራሴካር የተባለ የ19 ዓመት ህንዳዊ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲሄድ መንገድ ላይ ስሌት ጀመረ። የኤሌክትሮኖቹ እምቢታ ልክ እንዳለው አገኘ። ዛሬ ቁጥሩ ከፀሐይ ክብደት 1.4 እጥፍ ገደማ መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ በላይ የከበደ መሀል አይቆምም። በ1935 በዘመኑ አንቱ የተባለው የከዋክብት ሊቅ አርተር ኤዲንግተን በጉባኤ ፊት አፌዘበት። ቻንድራሴካር ኖቤል የተሸለመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ብረት ላይ ሲደርስ

አሁን ወደ ተሳቢዎቹ እንመለስ። ከፀሐይ 25 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ እንውሰድ። ሃይድሮጅኑን ለመጨረስ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሂሊየሙን ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ከዚያ ካርቦኑን ይጀምራል፤ 600 ዓመት ገደማ። ኒዮን፣ አንድ ዓመት። ኦክስጅን፣ ስድስት ወር። ሲሊከን፣ አንድ ቀን! ፍጥነቱን አያችሁት? ከሃይድሮጅን በኋላ ያለው ነዳጅ ሁሉ ከእሱ እጅግ ያነሰ ጉልበት ነው የሚሰጠው፤ ጭነቱ ግን ያው ነው።

ከሲሊከኑ የሚወጣው የብረት ቤተሰብ ነው። ብረት ደግሞ አይሰጥም። ከብረት በፊት ያሉት ሁሉ ሲዋሃዱ ጉልበት ያወጣሉ፤ ብረትን ለማዋሃድ ግን ጉልበት መጨመር ያስፈልጋል። ለሚሊዮን ዓመታት ሲያጓራ የኖረው ሞተር እዚህ ላይ ቀጥ ይላል።

ፍሬን በጠሰ።

የምድርን ያህል የሚሰፋው የብረት መሀል ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ በሰከንድ እስከ 70,000 ኪሎ ሜትር እየፈጠነ። ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶኖቹ ጋር ተጨፍልቀው ኒውትሮን ይሆናሉ። ኒውትሮኖቹም በተራቸው ከዚህ በላይ አንጠጋም ሲሉ የሚወድቀው ነገር ነጥሮ ይመለሳል። ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶችም በብዛት እየወጡ ይገፉታል። ኮከቡ ይፈነዳል። ሱፐርኖቫ ይህ ነው። ለሳምንታት አንድ ኮከብ ብቻውን የአንድ ሙሉ ጋላክሲ (የቢሊዮኖች ከዋክብት መንደር) ያህል ይደምቃል።

እ.ኤ.አ. በ1054 ቻይናውያን እንዲህ ያለውን አይተው መዝግበዋል፤ 23 ቀን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1987 ደግሞ ከጋላክሲያችን አጠገብ ባለች ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ አንድ ፈነዳ። ብርሃኑ ከመታየቱ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ከመሬት በታች የተቀመጡ መሣሪያዎች 25 ገደማ ኒውትሪኖዎች ያዙ። ከ160,000 የብርሃን ዓመት በላይ ተጉዘው የመጡ ናቸው። ንድፈ ሐሳቡ ልክ እንደነበር የታወቀው ያን ቀን ነው።

ከፍንዳታው የሚተርፈው አስከሬን ብዙ ጊዜ ኒውትሮን ኮከብ ነው። ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ውስጥ ታጭቆ። ማለትም ከደሴ ኮምቦልቻ መንገድ አያልፍም። በ1054 የታየው ፍንዳታ የተወው ኒውትሮን ኮከብ ዛሬም በሰከንድ 30 ጊዜ ይሽከረከራል።

የሚቀረው መሀል ከዚህም የከበደ ከሆነስ? ኤሌክትሮንም፣ ኒውትሮንም፣ የምናውቀው ማንም አያቆመውም። ኮምቦልቻ የሌለው ሐረጎ ነው፤ ቁልቁል ብቻ። ጥቁር ጉድጓድ ይባላል። ብርሃን እንኳ ከውስጡ ተመልሶ አይወጣም።

በሩስ?

ባለሙያው «ይሄ ብረት ከየት የመጣ ይመስልሃል?» ሲለኝ ከሱቅ ብዬ ነበር። «ከቁርጥራጭ ነው የሚቀልጠው» አለ። እኔም ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰደው ብዬ ስለ ከዋክብት ነገርኩት። ግራይንደሩን አጥፍቶ ሰማኝና «እና በርህ የሞተ ኮከብ መሀል ነው በለኛ» አለኝ።

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወደቀው የብረት መሀል ኒውትሮን ሆኗል፤ አይመለስም። የእኛ ብረት የተሠራው በፍንዳታው ራሱ ነው። መጀመሪያ ኒኬል ሆኖ ይወጣል፣ ከቀናት በኋላ ኮባልት ይሆናል፣ ከወራት በኋላ ብረት። ደግሞ ብዙው ብረት የመጣው ከሌላ ዓይነት ፍንዳታ ነው። ነጭ ድንክ ከጎረቤቷ ኮከብ ጋዝ እየሳበች፣ ወይም ከሌላ ድንክ ጋር ተላትማ ስትፈነዳ። በሜዳ ላይ የቆመ መኪናም ጭነት ከተጨመረበት መዘዝ አለው ማለት ነው። ወርቁ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የሁለት ኒውትሮን ከዋክብት ግጭት ሲታይ፣ ወርቅን የመሰሉ ከባድ ንጥረ ነገሮች እዚያ እንደሚሠሩ ታወቀ። የሙሽራ ቀለበት ታሪክ ከሙሽራዋ ይረዝማል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ ጥር ላይ ካመሸ በኋላ ይውጣ። መብራት የሄደ ምሽት ከሆነ እንዲያውም ይሻላል፤ የሚያማርረን ነገር ለአንድ ጊዜ ይጥቀመን። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት ፈልጉ። ከእነሱ በአንድ በኩል ቀላ ያለችው ቤቴልጅየስ ናት፣ ለመሞት የተቃረበች አሮጊት። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ስትደበዝዝ ልትፈነዳ ነው ተብሎ ነበር፤ ራሷ የተፋችው አቧራ ሸፍኗት ነው። መፈንዳቷ አይቀርም፣ ግን ምናልባት 100,000 ዓመት ይቆይ ይሆናል። በሌላ በኩል ያለችው ነጭ ሰማያዊ ራይጅል ናት። ከሦስቱ በታች ጭስ የመሰለ ነገር ካያችሁ እሱ ከዋክብት አሁን የሚወለዱበት ደመና ነው፣ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። የሦስቱን መስመር ወደ ታች ብትከተሉ ከሁሉም የምትደምቀውን ሲሪየስን ታገኛላችሁ። አጠገቧ በዓይን የማትታይ ነጭ ድንክ አለቻት።

በሩ ከሳምንት በኋላ አለቀና በአይሱዙ አስጭኜ ሐረጎን ወጣሁ። ባለሙያው ሲሸኘኝ «ዝናብ ሳይመጣ አንቲረስት ቀባው» ብሎኝ ነበር። አልቀባሁትም። አሁን ማጠፊያው አካባቢ ዝገት ጀምሮታል። ዝገት ብረትና ኦክስጅን ነው፤ አንዱ ከነጭ ድንክ፣ አንዱ ከግዙፍ ኮከብ ፍንዳታ መጥተው እኔ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። ቅዳሜ ቀለም ልገዛ እወጣለሁ።